ጉድጓዱ ይተነፍሳል፤ እንክፈተው ወይስ እንተወው?

(ከዚህ በታች የምታነቡት፣ የሥነ ምድር መምህር የነበሩና አሁን በጡረታ ላይ የሚገኙ አንድ ሰው በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ያደረጉት ንግግር ነው። ተናጋሪው ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። በንግግሩ ውስጥ እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ቢኖር በእኛው አቆጣጠር ነው።)



ዛሬ እዚህ የቆምኩት ላስተምር አይደለም። ማስተማሩንስ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ተገላግያለሁ። ያስመጣኝ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዎቹ አራት ናቸው፣ እዚያ ከኋላ ተደርድረው ይታዩኛል። ሐረርጌ ደጋው ላይ፣ ከቤተሰቦቻቸው ማሳ አጠገብ፣ በድንጋይ የተደፈነ ጉድጓድ አለ። የደፈኑት አባቶቻቸው ናቸው፤ ላም ገብታበት ሞታለችና። ማን ይፈርድባቸዋል? ነገር ግን ከድንጋዮቹ መሐል ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ገለባ ቢያስጠጉበት ወደ ውስጥ ይስበዋል። አንድ አዛውንት "ምድር ሲተነፍስ ነው፣ ተዉት" ብለዋቸዋል። ልጆቹ ግን ከመስቀል በኋላ ሊከፍቱት ቆርጠዋል። የጠየቁኝ ጥያቄ አንዲት ናት፦ "በዶማ እንጀምር ወይስ ፈንጂ እንፈልግ?"

ደብዳቤውን ሳነብ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ።

በመጀመሪያ ስለ አዛውንቱ። ትክክል ናቸው! ምድር ይተነፍሳል። ተረት አይደለም። ውጪ ያለው የአየር ግፊት ሲወርድ ከመሬት በታች የታጨቀው አየር ወደ ውጪ ይገፋል። ግፊቱ ሲወጣ ደግሞ የውጪው አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ከውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ትንሽ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይመጣጠንና ነፋሱ ይቆማል። ባዶው ቦታ ሰፊ ሆኖ በሩ ጠባብ ከሆነ ግን ሰዓታት ሙሉ ይነፍሳል። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ የሚገኘው የነፋስ ዋሻ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ሁለት ወንድማማቾች ድምፅ ሰምተው ወደ ጉድጓዱ ሲያጎነብሱ ነፋሱ የአንዱን ባርኔጣ አነሳው ይባላል። ሰውየው ለሰው ላሳይ ብሎ ሌላ ቀን ሲመለስ ነፋሱ ዞሮ ኖሮ ባርኔጣውን ዋጠው ይባላል። የአካባቢው የላኮታ ሕዝብ ግን ጉድጓዱን ከእነሱ በፊት ያውቀው ነበር፤ አባቶቻችን ከዚያ ወጡ ይላል። አግኚ የሚባለው ሁልጊዜ ኋላ የመጣው ነው፣ ይህን እኛም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ሌቹጊያ ወደሚባለው ዋሻ። የሚገኘው በኒው ሜክሲኮ፣ ካርልስባድ ዋሻዎች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ስሙ የአንድ እሾሃማ የበረሃ ተክል ስም ነው፣ የእኛን ቃጫ የሚመስል። ዋሻው ለረጅም ጊዜ ዋጋ የሌለው ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ ሰው የሌሊት ወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ላውጣ ብሎ ፈቃድ ጠየቀበት፤ ለአንድ ዓመት ያህል ትንሽ ትንሽ ወጣና ሥራው ቆመ። ሌላው 27 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደል ነው፤ ከሥሩ 120 ሜትር ያህል ትሄዱና ያልቃል። መጨረሻው የተናደ ድንጋይና አፈር ነው። በቃ። ካርታ ላይ ነጥብ ብትሆን ነው።

ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እዚያ የወረዱ ሰዎች አንድ ነገር ሰሙ። ከወለሉ ሥር፣ ከፍርስራሹ መሐል፣ ነፋስ እያገሳ ይወጣል። መንገድ የለም፣ ቀዳዳ የለም፣ ነፋስ ብቻ። እንግዲህ ፍረዱ። 120 ሜትር ብቻ የሆነች ጎሬ ያን ሁሉ ነፋስ ከየት ታመጣለች? ሰዎቹ ይህን ገብቷቸዋል። ይሁን እንጂ መገንዘብና መቆፈር ይለያያሉ፤ ዶማው የተነሣው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ከኮሎራዶ የመጡ ዋሻ አሳሾች ከፓርኩ አስተዳደር ፈቃድ ጠይቀው ተሰጣቸው። ልብ በሉ፣ ጠይቀው። ቦታው የመንግሥት ፓርክ ነውና እነሱም እንደኛው ወረቀት ይዘው ቢሮ ደጅ ጠንተዋል። ልዩነቱ ፈቃዱ መገኘቱ ነው (ሳቅ)። ከዚያ ከሌላ ክፍለ ግዛት በራሳቸው መኪና፣ በራሳቸው ነዳጅ፣ በዕረፍት ቀናቸው እየመጡ መቆፈር ሆነ ሥራቸው። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው። ድንጋይ ማንሳት፣ አፈር መዛቅ፣ የናደውን መልሶ ማውጣት። በመሐሉ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚል አልጠፋም ብዬ እገምታለሁ። እኔም ብሆን እል ነበር።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1986 አለፉ። ከፍርስራሹ ሥር ያገኙት ሰው ቆሞ የሚሄድበት ሰፊ መተላለፊያ ነው። ያ መተላለፊያ ወደ ሌላ ያመራል፣ ያም ወደ ሌላ። ዛሬ በካርታ ላይ የሰፈረው ርዝመቱ ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጂማ የሚደርስ አይደለም። ጥልቀቱ 489 ሜትር። ያም ሆኖ አልተጨረሰም፤ አሁንም አዲስ መንገድ ይገኝበታል። ያ ሁሉ የተቀመጠው ሁለት ዓመት በተቆፈረ ፍርስራሽ ሥር ነበር።

ከውስጥ ምን አለ? ጄሶ ታውቃላችሁ፣ ለግድግዳ የምንለቀልቀው። እዚያ ጄሶ ከጣሪያ እንደ መብራት ዘለላ ተንጠልጥሏል፣ እስከ ስድስት ሜትር የሚረዝም አለ። ምክንያቱ ዋሻው አብዛኛው ዋሻ በተፈጠረበት መንገድ አለመፈጠሩ ነው። የኖራ ድንጋይ ዋሻ ብዙውን ጊዜ ከላይ በሚሰርግ የዝናብ ውሃ ይቦረቦራል። ይሄኛው ግን ከታች ወደ ላይ ነው የተቦረቦረው። በአካባቢው ከመሬት በታች ነዳጅ ዘይት አለ፤ ከዚያ የሚወጣው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። አሲዱ የኖራውን ድንጋይ በላው፣ ጄሶውን ትራፊ አድርጎ ተወው። ይህ የሆነው ከአራት እስከ ስድስት ሚሊዮን ዓመት በፊት መሆኑን ከማዕድኑ ለክተው ደርሰውበታል።

ይህን የምነግራችሁ እንድትጎመጁ አይደለም። እናንተ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ላም አጥንት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትይዙት ዶማም ፈንጂም ሳይሆን ደብተር ነው።

እንዴት? በእኛ አገር፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን፣ የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ሰዓት ይጠብቃል ማለት ይቻላል። ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ ከፍ ይልና እስከ አሥር ሰዓት ሲወርድ ይውላል፤ ማታም እንደዚያው ይደግማል። ስለዚህ ጉድጓዳችሁ በግፊት የሚተነፍስ ከሆነ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ያህል አቅጣጫ ይለውጣል። ሁለት ጊዜ ብቻ ከለወጠ፣ ማለትም ቀን በሙቀቱ አንድ ወገን፣ ሌሊት በብርዱ ሌላ ወገን ከሆነ፣ ነገሩ የጭስ ማውጫ ዓይነት ነው፤ ሌላ ቦታ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛ በር አለ ማለት ነው። እንዲያማ ከሆነ ምን አስቆፈራችሁ? ሂዱና ሁለተኛውን በር ፈልጉ! ዕጣን አጭሱ፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ በየሰዓቱ ጻፉ፣ ሌሊትም ተራ እየገባችሁ። ሁለት ሳምንት። ይሄ ነጻ ነው፣ አይገድልም።

ሽማግሌዎችንም ጠይቁ። እንግሊዝ አገር፣ ደርቢሺር ውስጥ፣ ታይታን የሚባል 141 ሜትር ከፍታ ያለው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1999 ተገኝቷል። ሰዎቹን እዚያ ያደረሳቸው መሣሪያ አይደለም። ከመካከላቸው አንዱ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ማስታወሻ አገኘ፤ በዚያ ተመርተው ከታች ወደ ላይ ናዳውን እየፈለፈሉ ወጡ። የእኛ ቤተ መጻሕፍት አባቶቻችሁ ናቸው። ጉድጓዱን ሲደፍኑ ምን ያህል ጋሪ ድንጋይ ጨመሩ? የወረወሩት ድንጋይ ስንት ቆጥሮ ነው የተሰማው? ክረምት ጎርፍ ሲገባ የት ይወጣ ነበር? ይህን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁት።

አሁን ወደ ፈራሁበት ነገር።

እኔ አሜሪካ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜና እሁድ ከሚቆፍሩ ልጆች ጋር እወጣ ነበር። ዋሻው የቱ እንደሆነ አልናገርም። አሥራ አንድ ቅዳሜ ቆፍረን አራት ሜትር ያህል ወርደናል። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ድንጋይ የሚነሳው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከጎን አይነካም። በአሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ነፋሱ ከጎን የሚመጣ መሰለኝ። ታክቶኝም ነበር። ከግድግዳው አንዲት ድንጋይ በዲጂኖ ነቀነቅሁ፤ የበርበሬ ቋት የምታህል። ወጣች። ከእሷ ጋር ግማሹ ግድግዳ ወጣ። ጓደኛዬ ከሥሬ አጎንብሶ ባልዲ ይሞላ ነበር። አንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ። ራሱ ላይ ያረፈውን የመለሰለት የራስ ቁሩ ነው። እሱን አውጥተን ሆስፒታል እስክንደርስ ስድስት ሰዓት ፈጀ፣ ያውም ጥልቀቱ አራት ሜትር ብቻ ሆኖ። ያ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፣ ይቅር ብሎኛል። ድንጋይዋን ግን እስከ ዛሬ አያታለሁ።

ሌቹጊያ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1991 አንዲት ብዙ ልምድ ያላት ዋሻ አሳሽ ድንጋይ ወድቆባት እግሯ ተሰበረ። እሷን ወደ ላይ ለማውጣት አራት ቀን ፈጀ፣ ከመቶ በላይ ሰው ተረባረበ። አራት ቀን! ሠልጥነው የተዘጋጁ ሰዎች፣ ገመድና ስልክ ያላቸው። እናንተ ሰፈር አንዱ ቢሰበር ማን ያወጣዋል? ይህን ጥያቄ ደብተሩ ላይ ከላይ ጻፉት።

ስለዚህ ፈንጂ የሚባለውን ነገር ዳግመኛ እንዳልሰማ። ፈንጂ መንገድ አይከፍትላችሁም፤ ያልተሰነጠቀውን ይሰነጥቃል፣ ከላይ የተንጠለጠለውን ያላላል፣ ጭሱ ደግሞ ከጉድጓድ ቶሎ አይወጣም። የምትጠቀሙት እጅ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ባልዲና ካሩኮላ ነው። የጉድጓዱን አፍ ወፈር ባለ ግንድና ጣውላ ትደግፋላችሁ። የወጣውን አፈር አፉ ላይ አትከምሩትም፣ በመጀመሪያው ዝናብ ይመለሳልና። ባልዲ ሲሳብ ከሥሩ ሰው አይቆምም። ክረምት አይቆፈርም።

ከሁሉም የሚብሰው ግን አየሩ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ኩራዝ አውርደው ሲያዩ ታውቃላችሁ። ከጠፋ አይገቡም። መልካም ልማድ ነው፣ ግን አይበቃም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ከጉድጓድ ሥር ይተኛል፤ መብራቱ እየነደደም ሰው ሊያዞረውና ሊወድቅ ይችላል። አንዱ ሲወድቅ ወንድሙ ይገባል፣ ወንድሙ ሲወድቅ አባቱ ይገባል። ይህን ለቅሶ የማያውቅ ሰፈር አለ? የአየር መለኪያ መሣሪያ ዛሬ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ለምናችሁ ተዋሱ። ካላገኛችሁ አትወርዱም። ጄነሬተርም አፉ አጠገብ አይነሣም። የሌሊት ወፍ ኩስ ካለ አቧራው ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ ሻጋታ ሊኖር ስለሚችል አፍና አፍንጫ ይሸፈናል።

እሺ፣ ይህን ሁሉ አደረጋችሁ እንበል። ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የምትዝቁት አፈር አፈር ብቻ ላይሆን ይችላል። ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባለውን ዋሻ ታውቁታላችሁ? እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ተቆፍሯል። ከወለሉ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን 40 ኪሎ ያህል ቀይ ቀለም አፈር፣ በብዙ ሺህ ቁራጭ፣ ወጥቷል፤ የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች ፈጭተው የተጠቀሙበት። ያን አፈር አንድ ጉልበተኛ ወጣት በአካፋ ዝቆ ገደል ቢጨምረው ኖሮስ? አባቶቻችሁ የጣሉት ድንጋይ የላይኛው ክፍል ነው፤ እሱን አንሡ። ከሥሩ ጥቁር አፈር፣ አመድ፣ ከሰል፣ የተጠረበ ድንጋይ ያያችሁ ዕለት ግን አካፋው ይቆማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ድንገት ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ይላል። "ብናሳውቅ ማን ይመጣል?" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ደብዳቤያችሁ መሳቢያ ውስጥ ሊያድር ይችላል፣ ሊከርምም ይችላል። ግን አፈሩ እስከዚያው አርባ ሺህ ዓመት ቆይቷል፤ የቢሮ ቀጠሮ አይገድለውም። የእናንተ አካፋ ግን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ተከፈተ ማለት ደግሞ መዝጋት አይቻልም ማለት ነው። ፈረንሳዮች ይህን በውድ ተምረዋል። የላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኘ፣ በ1948 ለጎብኚ ተከፈተ፣ በ1963 ተዘጋ። የጎብኚው ትንፋሽ ብቻ ሥዕሉን ሊያጠፋው ነበር። ሾቬ የተባለውን ግን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 1994 ሦስት ሰዎች አገኙት። እነሱንም የመራቸው ነፋስ ነው፤ ከአንዲት ጎሬ መጨረሻ ስስ ነፋስ ፊታቸውን ሲዳስሳቸው ድንጋዩን እያነሱ ገቡ። ከ30 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የአንበሳና የአውራሪስ ሥዕል ገጠማቸው። የጥንቱን በር ናዳ ዘግቶት ነበር፤ ሥዕሉን ያቆየው ያ መደፈን ነው። ከላስኮ ስለተማሩ ሾቬን ለሕዝብ አልከፈቱም። እ.ኤ.አ. በ2015 አምሳያውን ሠርተው ሕዝቡን እዚያ አስገቡ።

ሌቹጊያም እንደዚሁ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ለጥናትና ለካርታ ሥራ በፈቃድ ብቻ ይገባል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ሕግ አውጥተው በዙሪያው ነዳጅና ጋዝ እንዳይቆፈር ከለከሉ። ምን ያህል እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ሰው ባልደረሰበት የዋሻው ክፍል የተገኙ 93 ዓይነት ባክቴሪያዎችን ፈተሸ። አራት ሚሊዮን ዓመት ከላይኛው ዓለም ተለይተው የኖሩ ናቸው። አንዳንዶቹ በዛሬው ሐኪም ቤት የሚሰጡ እስከ 14 የሚደርሱ መድኃኒቶችን ተቋቋሙ! መድኃኒት መቋቋም የሰው ስህተት ብቻ አለመሆኑን፣ ተፈጥሮ ከእኛ በፊት ታውቀው እንደነበር ያሳየው ያ ዋሻ ነው። እዚያ የገባው ሰው ሁሉ እንጀራውን እየበላ፣ እየተፋ፣ ሽንቱን እየሸና ቢሄድ ኖሮ የሚጠና ነገር አይቀርም ነበር።

"እኛ አገር ማን ይጠብቀዋል?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልክ ነህ። የባሌውን ሶፍ ዑመርን ሂዱና እዩ። ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ የወይብ ወንዝ የሠራው፣ በአገራችን እስካሁን በካርታ ከተለኩት ሁሉ የሚረዝም ዋሻ ነው። ሕዝቡ ግን የሚያከብረው በርዝመቱ አይደለም፤ የሼህ ሶፍ ዑመር መስጊድ ስለሆነ ነው። ለብዙ መቶ ዓመት የጠበቀው ይኸው ክብር ነው። ስለዚህ እናንተም ከመክፈታችሁ በፊት የምትነጋገሩት ከአዛውንቱ ጋር ነው። "ተዉት" ያሉት እሳቸው ናቸውና። ቢከፈት ከብት እንዳይገባ ማን ያጥራል? ቁልፉ ማን ዘንድ ይሆናል? ውሃ ቢገኝበት የማን ነው? ይህ ከላይ ሳይጨረስ ከታች አይወረድም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መልሴ "ተዉት" አይደለም። "ነገ ክፈቱት"ም አይደለም። በነሐሴ ዕጣናችሁን አጭሱ፣ ጻፉ። በመስከረም ሽማግሌዎቹን ሰብስቡ። በጥቅምት መሬቱ ሲደርቅ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ። ጉልበቴ ደክሟል፣ አልወርድም፤ ላይ ቁጭ ብዬ ባልዲ እቆጥራለሁ። ደብተሩን ሳላይ ግን አንዲት ድንጋይ አይነሣም።

አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። አንተ፣ ፈንጂውን የጻፍከው፣ ከአንተ እንጀምር።